ያለው ካሴቱ ውስጥ ነው

ተካ የሚባል የቪዲዮ ቤት ባለቤት የሟች ሚስቴን ድምፅ በለቅሶተኛ ፊት የጋኔን ድምፅ አደረገብኝ፤ በዚያ ሰበብ አንዲት ልጄን ወሰዱብኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው። ፊት ለፊት ሳገኘው "ጋሽ ተካ" እለዋለሁ፣ አንቱም እለዋለሁ፤ ዕድሜው ያስገድደኛል። ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልለውም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ለፍቼ ያገኘሁትን ፊደል ለማላከብረው ሰው ማክበሪያ አላባክነውም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ቆራሌ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቦንጋ ገበያ ቁልቁል ስወርድ አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ "ቆራሌ! አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ባልዲ፣ የሞተ ባትሪ!" እያለ ይጮኻል። ጋሪው ላይ ከባልዲውና ከጎማው በላይ ጥቁር የቪዲዮ ማጫወቻ ተጋድሟል፤ ያኔ "ዴክ" እንለው የነበረው፣ ካሴት እንደ ዳቦ የሚጎርሰው። ጥጉ ተሸርፏል። ያችን ሽራፊ አውቃታለሁ። የቤቴ መቃን የሸረፋት ናት። ቆሜ አየሁት፤ ፀሐዩ ላስቲኩን አግሎት የጋለ አቧራ ሽታ ሸተተኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ዓለምን በስልኩ ያያል፤ ሲሰለቸው በጣቱ ገፋ ያደርገዋል። እኛ አንድ ሰው በመስታወት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ለማየት በጭቃ የሄድነውን መንገድ ማን ይነግረዋል?

ቦንጋ ያኔ መብራት የምታገኘው በምሽት ብቻ ነበር። ከመሸ ጄኔሬተሩ ማጓራት ሲጀምር ከተማው በሙሉ "ኧረ መጣ!" ይላል። ዝናቡ እንደ ዛሬው ነው፣ አይታክተውም፤ ቦት ጫማ ያለው ይረግጣል፣ እኛ ኮንጎ ጫማችን ውስጥ ውሃ እያንቦጫረቅን እንሄዳለን። ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ስኳሩ ከታች እስኪታይ ድረስ። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሶ፣ ማበጠሪያ ኋላ ኪሱ ሰክቶ መናኸሪያው አጠገብ ይቆማል፤ ከጂማ የሚመጣው አውቶቡስ ምን ዓይነት ሴት ያወርድ ይሆን እያለ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የሙዚቃ ካሴት የሚሸጥባት ሱቅ ነበረች። መብራት በሌለበት ሰዓት በባትሪ ድንጋይ ያዘፍኑ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እየጎተተ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ እንደ ታመመ በሬ ሲያጉረመርም እንስቃለን። "ሞተ! ሞተ! ድንጋይ አብሉት!" እንላለን። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማሽን ሲደክም ድምፅ እንደሚወፍር የቦንጋ ልጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። በሚያስፈልግበት ቀን ግን አንድ ሰው እንኳን አላስታወሰውም፤ እኔም ጭምር።

የተካ ቪዲዮ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነበረች። ቆርቆሮ ቤት ናት፣ ውስጧ አግዳሚ ተደርድሮባታል። በሩ ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። እኔ ማንበብ ስለማልችል ካራቴ የሆነ ቀን የተሳለውን እግር፣ ሕንድ የሆነ ቀን የተሳለውን አበባ አይቼ ነበር የምገባው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ተካ በሐምሌም በጥርም ያንኑ ግራጫ ካፖርት ለብሶ በር ላይ ይቆማል፤ ቴሌቪዥኑን በዳንቴል ይሸፍናታል፣ ዴኩን ግን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። ሰው ጠጋ ካለ "እጅህን ሰብስብ! ይሄ ላም መሰለህ?" ይላል። እውነቱን ለመናገር እንወደው ነበር። ለእኛ ከወረዳው አስተዳዳሪ በላይ ሰው ነበር።

እኔ ሥራዬ ጫካ ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ እሰቅላለሁ፣ ማር እቆርጣለሁ። አንድ ዘመን የጫካ ቡና ሊያጠና ከአሜሪካ የመጣ ረጅም ፈረንጅ መንገድ ምራኝ ብሎ ቀጠረኝ። ጓዙን እሸከማለሁ፣ ቁጥቋጦ እመነጥርለታለሁ። ካሜራ ነበረው፤ ዝንጀሮ ይቀርፃል፣ ቡና ይቀርፃል፣ ዝናብ ሳይቀር ይቀርፃል። አንድ ቀን ከጫካ ስንመለስ ቤቴ ጎራ አልን። ሚስቴ ዓለሚቱ ደጅ ተቀምጣ ማር ታጣራ ነበር። ቢጫ ሻሽ አስራለች። ልጃችን ትዕግሥት ጥርስ ያላወጣች ሕፃን ናት፣ ጭኗ ላይ ተጋድማለች። ፈረንጁ ካሜራውን ደገነባት። እኔ ከጓሮ ዕቃ አወርድ ነበር፤ ዓለሚቱ በቋንቋችን በካፊኖኖ የሆነ ነገር ተናግራ ስትስቅ ብቻ ሰማሁ። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ምን አስቸኮለኝ? ከእኔ ጋር የምታረጅ መስሎኝ ነበር።

ፈረንጁ አገሩ ገባ። ዓለሚቱ ዘመድ ልትጠይቅ ወደ ጎጀብ ቆላ ወርዳ ወባ ይዛ ተመለሰች፤ ሳምንት አልቆየችም። ፎቶ ተነስታ አታውቅም። ለመታወቂያ እንኳን። ከጥቂት ወራት በኋላ ከወሎ ተመድቦ የመጣ መምህር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠርቶኝ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። "ወልዴ፣ ከአሜሪካ ተልኮልሃል፤ ሚስትህ ናት ያለችበት" አለኝ። ጥቁር ካሴት ነው። ብብቴ ውስጥ አድርጌ ስሄድ ከሰው ጋር እንዳልጋጭ በዳር በዳር ሄድኩ። ብቻዬን ላየው አልፈለግኩም። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ያለቀሰላት ሁሉ ተሰብስቦ ይያት፣ ይስማት ብዬ ወሰንኩ። ዘመዶቿን ከቢታ ገነትም፣ ከሺሺንዳም ጠራሁ። "ዓለሚቱን ታዩአታላችሁ" ብዬ አስነገርኩ። ከዚያ ወደ ተካ ሄድኩ።

"ጋሽ ተካ፣ ይሄ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ በእርስዎ ማሽን ይሠራል?"

ካሴቱን እንደ ቅቤ በመዳፉ መዘነው። "አንተ ወልዴ፣ ካሴት ካሴት ነው። ይገባል፣ ይዞራል፣ ያሳያል። የአሜሪካ ንብ ማሯን በቀንዷ ነው እንዴ የምትሠራው?"

በር ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "አስቀድመው ቢሞክሩልኝስ?" አልኩት።

"ምኑን ነው የምሞክረው? ሂድ፣ ዳስህን ጣል!"

ዳሱን ጣልኩ። ቄሱ ጸልየው፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ከቀትር በኋላ የቤቴን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረድነው። ተካ ቴሌቪዥኑንና ዴኩን በሰው አሸክሞ መጣ፤ የራሱን ትንሽ ጄኔሬተር ከጓሮ አስነሳ። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ መደብ ላይ፣ የቀረው በር ላይ ተደራርቧል። የዓለሚቱ ታላቅ እህት እትዬ አስቴር ትዕግሥትን ታቅፋ መሐል ተቀምጣለች። ስለ አስቴር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የእሷና የዓለሚቱ አባት በዘመናቸው ኤቆ የሚወርድባቸው ሰው ነበሩ። ኤቆ እኛ አገር በሰው ላይ የሚወርደው መንፈስ ነው፤ ሲወርድ የሰውዬው ድምፅ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ የራሱ መሆኑ ይቀራል። አስቴር በልጅነቷ ያንን ድምፅ በየሳምንቱ ከግድግዳ ወዲያ እየሰማች ነው ያደገችው። ጴንጤ የሆነችውም ያንን ሸሽታ ነው። ተዝካር አልወድም እያለች ለእህቷ ስትል ብቻ መጣች።

ተካ ካሴቱን አጎረሰው። መጀመሪያ መስመር መጣ። ከዚያ ሥዕሉ እንደ ረጠበ ወረቀት እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አገጭ ከላይ፣ ግንባር ከታች፣ መሐሉ የተቀደደ። ቀለም የለውም። ቢጫው ሻሽ እንደ አመድ ነው። "ቆይ፣ ይረጋል" አለ ተካ። አልረጋም። ድምፁ መጣ። የዓለሚቱ አይደለም። የሴትም አይደለም። እየጎተተ፣ እየወፈረ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ከዚያ ሳቀ። አንዲት አሮጊት "ኤቆ! ኤቆ ነው የያዛት!" ብላ ተነሳች። ቤቱ ተናወጠ፤ ሴቶቹ በር ላይ ተረጋገጡ፤ ቄሱ መስቀላቸውን መዘዙ።

እዚህ ላይ ነው ተካ የበደለኝ። "ማሽኔ አልቻለም" ቢል ያልቅ ነበር። ሰዉ ግን ወደ እሱ ሲዞር ፈራ። የነገ ገበያው ታየው መሰለኝ። ካፖርቱን አራግፎ ቆመና "ማሽኔ ጤነኛ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ትናንት ሕንድ አሳይቼበታለሁ! ያለው ካሴቱ ውስጥ ነው!" ለማስመስከር ደግሞ የእኔን ካሴት አውጥቶ ከካፖርቱ ኪስ የሕንድ ፊልም መዞ አስገባ። በሚስቴ ሙት ዓመት፣ በተዝካሯ ቤት፣ ሴቶች በአረንጓዴና በቀይ ልብስ እየተሽከረከሩ ሲጨፍሩ ጥርት ብሎ ታየ። ዘፈኑ እንደ ደወል ይጠራል። "አያችሁ?" አለ ተካ።

አዩ። ከዚያ በኋላ ማንን ላሳምን? አስቴር ልጄን በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሳች። "ወልዴ፣ እህቴ ባላረፈችበት ቤት ይቺ ልጅ አታድርም" አለችኝ። "እትዬ አስቴር፣ ማሽን ነው እኮ" አልኳት። "ማሽኑንማ አየነው" አለችኝ። ወደምትኖርበት ሺሺንዳ ይዛት ሄደች። ሽማግሌ ላክሁ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እዚያ ቤት ተቀምጠው ያንን ድምፅ የሰሙ ናቸው፣ ምን ብለው ይከራከሩልኝ? ተካ ዴኩን ሲያስወጣ በጥድፊያ ከመቃኑ ጋር አጋጭቶት ጥጉ ተሸረፈ። እኔን ዞሮ "ቤትህ እንኳን ጠባብ ነው" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ ምን ብዬ ልተርከው። ጠጅ ቤት ስገባ "ወልዴ፣ ሚስትህ ዛሬ ምን አለች?" ይሉኛል፣ ድምፃቸውን አወፍረው። ሁለት ጊዜ ተደባድቤ ጥርሴን አጥቻለሁ፤ ሦስተኛውን ትቼ ጠጅ መጠጣቱን ተውኩ። በሺሺንዳ የገበያ ቀን ማር ይዤ እሄዳለሁ፤ ከማሩ ለትዕግሥት እቆርሳለሁ። ልጅቷ ከአስቴር ቀሚስ ጀርባ ሆና በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። መናገር ስትጀምር "ጋሽ ወልዴ" አለችኝ። እንዲህ በይው ብለው አስተምረዋት ነው። ቤቴ እንድትመጣ ስጠይቅ ታለቅሳለች። የእናቷ ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ እንደቀረ ነግረዋታል።

ካሴቱን ጂማ ወሰድኩት። የጂማው ቪዲዮ ቤት ያንኑ ድምፅ አሰማኝና "ቴፑ ተለጥጧል፣ ጣለው" አለኝ። አልጣልኩም። ካሴቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ አንዱን አንብብልኝ ስለው "ምንም አይደለም" ይለኛል፣ ሌላው በጥድፊያ አይቶ ይመልስልኛል። ሰው መለመን ሰለቸኝና የማታ ትምህርት ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ እየወጣ፣ ልጆቼ የሚሆኑ ተማሪዎች እየሳቁብኝ፣ ሀ ሁ አልኩ። የእኛን ፊደል ጨርሼ የእነሱን ጀመርኩ። ያን ሁሉ ደክሜ ካሴቱን አውጥቼ አነበብኩት። "ቦንጋ" ይላል። በቃ። ቦንጋ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ።

ዓመታት ሄዱ፣ መብራቱ የቀንም ሆነ፣ ቪዲዮ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ሰዉ ሁሉ የሲዲ ማጫወቻ ገዛ። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ጎረቤቴ "አዲስ አበባ ካሴት ወደ ሲዲ የሚገለብጡ አሉ" ብሎኝ ይዞልኝ ሄደ። የሚያብረቀርቅ ሲዲ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ ገላዬን ታጥቤ፣ ንጹሕ ኮት ለብሼ ሺሺንዳ ወረድኩ። ትዕግሥት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ እምቢ ስትል ስትል ቆይታ እሺ አለች። አስቴር ቤት ያለው ማጫወቻ ሲዲውን ዋጠና ቴሌቪዥኑ ላይ "ኖ ዲስክ" ብሎ ጻፈ። አወጣን፣ ጠረግን፣ አስገባን። "ኖ ዲስክ።" እንዴት የለም ይላል? በእጄ ያስገባሁትን! ለካ እሱ ቪሲዲ ብቻ የሚያነብ ነው፣ የእኔው ዲቪዲ ኖሯል፤ በዓይን ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። የሚያነብ ማጫወቻ ከጎረቤት ለምነን አመጣን። ይሄኛው አነበበ። ያው የተቀደደ ሥዕል፣ ያው አመድ ሻሽ፣ ያው ከጉድጓድ የሚወጣ ሳቅ። የአዲስ አበባዎቹ ስህተቱን ከነነፍሱ ገልብጠው፣ በሚያብረቀርቅ ዕቃ አሽገው ልከውልኛል። ትዕግሥት ተነስታ አጠፋችው። "ጋሽ ወልዴ፣ በቃ ይቅርብኝ" አለችኝ። "እናቴን መፍራት ሰልችቶኛል።"

እኔም ተውኩት። ቆራሌው እስከሚመጣ ድረስ።

ከድንጋዩ ላይ ተነስቼ ሰውዬውን "ይሄን ከየት አመጣኸው?" አልኩት። "አንድ ሽማግሌ ቤት ሲያጸዱ ሰጡኝ" አለኝ። ገዛሁት። ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አገላበጥኩት። በስተጀርባው፣ ገመዶቹ ከሚሰኩበት ጎን፣ የቆሰለ ጣት የሚታሸግበት ዓይነት ፕላስተር ተለጥፏል። ደርቆ ቡናማ ሆኗል። በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ የጣት ጥፍር የምታህል፣ ግራና ቀኝ የምትገፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነገር ወጣች። በግራዋ ሦስት፣ በቀኝዋ አራት የፈረንጅ ፊደል አለ። ፊደሎቹን ጠራኋቸው፤ ቃል ግን አልሆን አሉኝ። ካሴቱንም ዴኩንም ይዤ ሰላም ጋ ሄድኩ። ሰላም ሙያ ተምራ ገበያው ዳር ስልክና ቴሌቪዥን የምትጠግን ልጅ ናት፤ በአባቷ ዘመን የነበረ ዕቃ ስታይ ዓይኗ ይበራል።

"አባባ፣ ይሄ ካሴት የት ነው የተቀዳው?"

"አሜሪካ።"

"እንግዲያውስ የእነሱና የእኛ አይገጥምም። የእነሱ ካሴት ቶሎ ነው የሚሮጠው፣ ሥዕሉም አመጣጡ ሌላ ነው። በእኛ ማጫወቻ ሲገባ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሥዕሉ ይቀደዳል፣ ድምፁ ይወፍራል። ይቺ ማብሪያ ለዚያ ነው የተሠራችው። ወደ ቀኝ ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር።"

"ገፋ ማድረግ ብቻ?"

"በጣት።"

ማብሪያዋን በጣቴ ገፋኋት፣ መለስኳት፣ ደግሜ ገፋኋት። ልጅቷ ያመመኝ መስሏት ወንበር ሰጠችኝ። ያረጀውን የውስጥ ጎማ ከጂማ አስመጥታ ቀየረች፣ የካሴቱን ሻጋታ በጥጥ ጠረገች። "ልሞክረው?" አለችኝ። እስከዚያ ቀን ልሞክረው ያለኝ ሰው አልነበረም! "ሞክሪው፤ እኔ ግን ውጭ ነኝ፤ ልጄ ሳታየው አላይም" አልኳት። ደጅ ቆምኩ፤ ባጃጁ ሁሉ እየጮኸ ምንም አይሰማኝም። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። "አባባ፣ ይሠራል።" "ድምፅዋስ?" አልኳት። "የሴት ነው" አለችኝ።

ተካን በረንዳው ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ማየት ተስኖታል፣ ካፖርቱ ሌላ ነው፣ ግን አሁንም ግራጫ። ዴኩን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። በእጁ ዳበሰው፣ ሽራፊዋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ወልዴ ነህ?"

"ነኝ። ጋሽ ተካ፣ ከኋላው ያለውን ፕላስተር ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኝ" አለ። "እንደገዛሁት ሰሞን አንዱ ነክቶት ፊልሙ ተበላሸብኝ። ሰዉ ሃምሳ ሳንቲማችንን መልስ ብሎ አግዳሚ ሊሰብርብኝ ነበር። የሸጠልኝ ነጋዴ መጥቶ መለሰውና 'ይሄ የሚገፋው የአሜሪካ ካሴት ሲመጣ ነው' አለኝ። ማንም እንዳይነካው ለጠፍኩበት።"

"እኔ የምን ካሴት ነበር ይዤ የመጣሁት?"

"ያን ቀን ትዝ አላለኝም፤ በልጆቼ እምላለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ትዝ አለኝ። ግን ሰዉ አንዴ አውርቶታል፣ ልጅቷ ሄዳለች። ማሽኔ ነው ብል ማን ዳግመኛ ይገባልኛል? ቤቱ ይዘጋ ነበር እኮ። አንድ ሰሞን ታዝናለህ፣ ሌላ ታገባለህ፣ ትረሳዋለህ ብዬ ነው።"

"አንድ ሰሞን" አልኩት።

"እሺ ምን ላድርግልህ? ካሳ እንዳልልህ—"

"ካሳዎን ይያዙት። ያኔ የተናገሩበትን አፍ ይዘው ሺሺንዳ ይሂዱልኝ። አስቴርም ልጄም ባሉበት እርስዎ ይናገሩ። ከእኔ አፍ አይሰሙም።"

እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። "ከመሞቴ በፊት ከሆነ ዛሬውኑ ይሻላል" አለ። ወደ ሚዛን ከተማ የሚወስደውን መንገድ በሚኒባስ ያዝን። ዴኩን እኔ ልያዘው ስለው እምቢ አለ፤ እንደ ሕፃን አቅፎት ሄደ። አንድ ተሳፋሪ "አባባ፣ ወደ ሙዚየም ነው?" ብሎ ቀለደበት። "ወደ ፍርድ ቤት" አለ ተካ። ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም።

አስቴር አርጅታለች፤ ትዕግሥት አስተማሪ ናት፣ ከእሷው ጋር ነው የምትኖረው። ተካን ሲያዩ አላወቁትም። ዴኩን ሲያዩ ግን አስቴር መቀመጫዋን ለቀቀች። ትዕግሥት "ጋሽ ወልዴ፣ እባክህ እንደገና አይሁን" አለችኝ። ተካ ቆመ። በዱላው ተደግፎ፣ "እትዬ አስቴር፣ በእህትሽ ተዝካር ቀን ያለው ካሴቱ ውስጥ ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ዋሸሁ። ያለው ማሽኔ ላይ ነበር። አላምንህም ብትይ አልፈርድብሽም፤ ግን ሳይደረግ አትነሺ።"

አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን አስጀመርነው። ተካ መጀመሪያ ሆን ብሎ ማብሪያዋን ወደ ግራ መለሳት። ያ ድምፅ መጣ። የተቀደደው ሥዕል፣ አመዱ፣ ጉድጓዱ። አስቴር "በኢየሱስ ስም!" ብላ ወደ በሩ ሄደች፤ ትዕግሥት ጆሮዋን ያዘች። ተካ ከኋላ በኩል በጣቱ ዳበሰና ገፋት።

ሥዕሉ ዘለለና ቆመ። ሻሹ ቢጫ ሆነ። ከጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ወጣና ዓለሚቱ ሆነ። አስቴር እጇ የበሩ መዝጊያ ላይ እንዳለ ዞረች።

ዓለሚቱ ካሜራውን አይታ አፈረች። በማር በተነከረ እጇ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። ያን ሁሉ ዘመን ያንን ፊት ስፈልግ ኖሬ እሷ ትሸፍነዋለች! "ግለጪው፣ አንቺ ሴት!" ብዬ ጮኽኩ መሰለኝ። ከነጠላው ሥር በካፊኖኖ ተናገረች፤ ያኔ ከጓሮ ሆኜ ያልሰማሁትን አሁን ሰማሁት። "እኔን ምን ያደርግላችኋል፣ ተዉኝ። እሷን አንሱ፣ እሷ ናት ቆንጆዋ" አለች። ሕፃኗን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ካሜራው ዘረጋቻት። ነጠላው ከፊቷ ወደቀ። ሳቀች። ያ ነበር ሰዉን ሁሉ ያስሮጠው ሳቅ፤ ልጇን ለሰው ስታሳይ የሳቀችው ሳቅ።

ትዕግሥት እጇን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ "የእኔ ድምፅ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ናቸው። እኔ ከድሮ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንገራት? አስቴር በሩ ሥር ቁጭ ብላ እያለቀሰች "መልሰው፣ ከመጀመሪያው መልሰው" ትላለች። ተካ ዓይኑ አያይም፤ "ጠርቷል? ቀለሙ አለ?" እያለ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት አጣ። "አለ" አልኩት በመጨረሻ። ይቅር በለኝ አላለኝም፤ ቢለኝም ይቅር ልለው አልሄድኩም ነበር። ስንመለስ ግን ዱላውን ያዝኩለት፣ ሚኒባስ ላይ አወጣሁት። ሰው ነኝ።

እንግዲህ ተፈጸመ ልትሉ ነው። አልተፈጸመም። ልጅ ካደገች በኋላ ካሴት አይመልሳትም። አሁንም "ጋሽ ወልዴ" ነው የምትለኝ፤ ምላሷ ለምዶታል፣ አልቆጣትም። ሰላም ያንን ሥዕል አስተካክላ ትዕግሥት ስልክ ላይ ጫነችላት፤ ለተማሪዎቿ ታሳያለች አሉ። እኔ ከእሷ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷ ድምፅ ቀርቶበታል ያሏትን ቤት ሳትፈራ እንድትገባበት። መጣች። መቃኑ አጠገብ ቆም ብላ ዴኩ የተጋጨበትን ቦታ በጣቷ ነካች፤ ከዚያ ጫማዋን ከደጅ አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ ገባች። ቀኑ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነበር።